ደስ ስላሰኘኝ ሁለተኛ መጽሐፍ

ተረት የሚናገር ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቃል አለች፤ እርስዋም «ከዚያስ?» የምትለው ናት። ተረቱ አልቆ፥ ጅቡ ሞቶ፥ ምድጃው ዐመድ ከለበሰ በኋላ ከልጆቹ አንዱ ይህችን ቃል ሳይጥል አይቀርም። ሽማግሌውም «አለቀ እኮ! በሉ ተነሡና ተኙ» ብለው ይገሥጹታል። እኔም በተበላ ከተማ ሳስተምር ብዙ ዘመን የቆየሁት ከእኒህ ሽማግሌ ወገን ሆኜ ነው። ያለቀ ነገር አልቋል ባይ ነበርሁ። በተለይም አንድ መጽሐፍ ተወደደ ተብሎ ሁለተኛ፥ ሁለተኛው ተሸጠ ተብሎ ሦስተኛ ሲጨመርበት ባየሁ ጊዜ፥ ጠግቦ እጁን ከታጠበ በኋላ እንደ ገና ወደ መሶቡ የሚመለስ ሰው ይታየኝ ነበርና ደራሲውንም አንባቢውንም አብሬ በሆዳምነት እከስሳቸው ነበር። ይህ አሳቤ እንዴት እንደ ተናደና ማን እንደ ናደው ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ታትሞ በወጣ ጊዜ የሆነውን ያየ ሰው ያስታውሰዋል። በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ውስጥ የሠራ ኢትዮጵያዊ ሊቅ፥ የጣና ገዳማት ምስጢር፥ የባዕዳን አገሮች ሰላዮች፥ ይህ ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተሰብስቦ ሲገኝ ከዚያ በፊት ልብ ወለድ ገልጦ የማያውቅ ወጣት ሳይቀር እንቅልፉን አጥቶ አነበበው። እኛም ዘንድ አንዱ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዳሩ ተበላ፤ የመጨረሻዎቹም ገጾች ከመዞር ብዛት ተገንጥለው በክር ተሰፉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተከታዩ «ራማቶሓራ» ወጥቷል ተባለ። ከተማሪዎቼ አንዱ ሶዶ ድረስ ሄዶ ሊፈልገው የመጓጓዣ ገንዘብ ያጠራቅም እንደ ነበረ ሰምቼ፥ በክፍል ውስጥ አስቁሜ ቀለድሁበት። «አንዱ አልበቃህም?» አልሁት። ልጁም አንገቱን ደፍቶ «ቲቸር፥ እኔ ሚራዥ ደኅና መሆኑን ብቻ ማወቅ ነው የምፈልገው» ብሎ መለሰልኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቅ ዛሬ ያሳፍረኛል። ልጁ የተናገረው ሰው ስለ ዘመዱ የሚናገረውን ነበርና ነው። ከሩቅ አገር የመጣን መንገደኛ «እገሌን አይተኸዋል? ደኅና ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሆዳምነት አይባልም።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዓመታት አለፉ። በቅርብ ዘመን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሚሰበሰቡ ጥቂት ተማሪዎች የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዤ እየተረጐምሁ መተረክ ጀመርሁ። የመረጥሁላቸው የፈረንሳዊው የዡል ቬርን ሥራ ነበር። ቬርን እ.ኤ.አ. በ1828 ተወልዶ በ1905 የሞተ ሰው ነው። አሳታሚው ኤትዜል ለወጣቶች ባቋቋመው መጽሔት ላይ ብዙዎቹን ድርሰቶቹን እየከፋፈለ ያወጣለት ነበር፤ «ሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች» የሚባለውም በ1869 እና በ1870 እ.ኤ.አ. በዚህ ዐይነት ወጣ። (ብዙ ሰው ሃያ ሺህ የተባለው የባሕሩ ጥልቀት ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው፤ ቍጥሩ መርከቡ በውኃ ውስጥ የተጓዘውን መንገድ ነው የሚናገረው፤ እርሱም 80,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።)

ተበላ ባሕር የላትም። ልጆቹ የሚያውቁት ሰፊ ውኃ ከወረዳችን በደቡብ ምሥራቅ የሚዋሰነውን አባያን ብቻ ስለ ሆነ፥ የውቅያኖሱን ስፋት ለማስረዳት አባያን ስንት ጊዜ እንደ ደራረብሁት እኔው አላስታውሰውም። ይሁን እንጂ ነገሩ ገባቸው። ስሙ በላቲን ቋንቋ «ማንም» ማለት የሆነውን ካፒቴን ኔሞን፥ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ባሕር ሰርጓጅ መርከቡን ናውቲለስን፥ በምርኮ የያዛቸውን ሦስት ሰዎች፥ በክፍሉ ግድግዳ ላይ የሰቀላቸውን የዋሽንግተንን፥ የሊንከንን፥ ባሮችን ነፃ ለማውጣት ሲል የተሰቀለውን የጆን ብራውንን ሥዕሎች ሁሉ እንደ ጎረቤት ነገር ለመዱት። ወደ ቤታቸውም ሲሄዱ ለታናናሾቻቸው በወላይትኛ ይደግሙላቸው ነበር።

መጽሐፉ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ኔሞ ያልተገለጠ ጠላቱን የጦር መርከብ ከነሰዎቹ ያሰጥማል። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ናውቲለስ በኖርዌይ ባሕር ወዳለ አስፈሪ አዙሪት ይገባል፤ ምርኮኞቹ አምልጠው በባሕር ዳር ይነቃሉ፤ ኔሞ ግን ይሙት ይዳን፥ ከየትኛው አገር ይሁን፥ ማን በድሎት እንደዚያ መረረው፥ አንዱም አይነገረንም። ይህን በተረክሁበት ቀን ልጆቹ ጥቂት ዝም አሉና ያችን ቃል ጣሉ፤ «ከዚያስ?»

እኔም «ማንም አያውቅም፤ ታሪኩ እዚህ ላይ አለቀ» አልኋቸው።

ይህ ውሸት ነበር። ቬርን ከ1874 እስከ 1875 እ.ኤ.አ. «ምስጢራዊው ደሴት» የሚባል ታላቅ መጽሐፍ ጽፎ ኔሞን መልሶ እንዳመጣው አውቅ ነበር። በወጣትነቴ አንብቤውም ነበር፤ አልወደድሁትም። ለዚያ ስም ለሌለው ሰው ስም፥ አገር፥ አባት ተሰጠውና ተናደድሁ። የጨለማው ግርማ የተገፈፈበት መሰለኝ። ስለዚህ ለልጆቹ ስደብቀው ከጉዳት የጠበቅኋቸው ያህል ይሰማኝ ነበር። እንደ ውሸት አልቈጠርሁትም፤ እንደ ጥሩ ጣዕም ነበር የቈጠርሁት። መጽሐፍ አዋቂ ነን የምንል ሰዎች እንዲህ ያለ ኀጢአት አዘውትረን እንሠራለን፤ እኛ ያልወደድነውን ሌላው እንዳይቀምሰው ማሰሮውን እንከድናለን።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ቤቱ በር ጠብቃ አገኘችኝ። ስልክዋን ከደብተርዋ መካከል አወጣችና «ቲቸር፥ ኔሞ አልሞተም እኮ» አለችኝ። በነፃ የሚገኘውን የእንግሊዝኛ ቅጂ አውርዳ፥ በመዝገበ ቃላት እየታገለች፥ ሌሊት ሌሊት አንብባ ከግማሽ በላይ አልፋለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «እርስዎ ግን ያውቁ ነበር፥ አይደለም?» አለች። መልስ አልነበረኝም። መምህር የማያውቀውን አላውቅም ቢል ተማሪው ያከብረዋል፤ የሚያውቀውን አላውቅም ብሎ ሲያዝ ግን ከዚያ በኋላ የሚያስተምረው የሒሳብ ሰንጠረዥ እንኳ ይጠረጠራል። ቅዳሜ በሁሉም ፊት አስተካክለዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁላትና ወደ ቤቴ ሄድሁ። የራሴን ቅጂ ከሣጥን አውጥቼም እንደ አዲስ ማንበብ ጀመርሁ።

ወጣቶች ሆይ፥ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ሌሊት የበለጠ በመጽሐፍ የተደሰትሁበት ሌሊት ጥቂት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የገረመኝ ሁለተኛው መጽሐፍ የመጀመሪያውን አለመምሰሉ ነው። ስስታም ደራሲ ቢሆን ኖሮ ያንኑ መርከብ፥ ያንኑ ባሕር፥ ያንኑ ጉዞ ጥቂት ለወጥ አድርጎ ያቀርብልን ነበር። ቬርን ግን መርከቡን ሰውሮ በባዶ እጅ ይጀምራል። ነገሩ የሚጀምረው በመጋቢት ወር 1865 እ.ኤ.አ.፥ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነው። አምስት ሰዎችና አንድ ውሻ ከሪችመንድ ከተማ በትልቅ ፊኛ አምልጠው፥ ማዕበል ገፍቶአቸው፥ በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ባለች ሰው በማይኖርባት ደሴት ላይ ይወድቃሉ። መሐንዲሱ ሳይረስ ስሚዝ፥ ጋዜጠኛው ስፒሌት፥ መርከበኛው ፔንክሮፍ፥ የዐሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ሐርበርት፥ ከባርነት ነፃ የወጣው ናብ፥ እነዚህ ናቸው። ፊኛው እንዳይወድቅ ያላቸውን ሁሉ ወደ ባሕር ስለ ጣሉት፥ ከለበሱት ልብስና ከኪሳቸው ጥቂት ነገር በቀር ምንም አልቀራቸውም። ክብሪት እንኳ አንዲት ብቻ ተገኘች። በኋላም እሳቱ ሲጠፋባቸው መሐንዲሱ የሁለት ኪስ ሰዓቶችን መስተዋት አጋጥሞ፥ በመካከላቸው ውኃ ሞልቶ፥ ዳሩን በሸክላ ጭቃ ደፍኖ ከፀሐይ እሳት አወጣ።

በተለይ አንዲት ምዕራፍ አለች፤ ለገበሬ ልጆች የተጻፈች ትመስለኛለች። ሐርበርት በሪችመንድ ሳለ ርግቦች ይመግብ ነበርና አንድ ቀን በዝናብ ምክንያት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፥ ከኮቱ ገበር ውስጥ አንዲት የስንዴ ፍሬ አገኘ። አንዲት ብቻ! መርከበኛው ይቀልድበታል፤ በዚህች ፍሬ ምን ዳቦ ልንጋግር ነው ይለዋል። መሐንዲሱ ግን ቁጭ ብሎ ያሰላል። አንዲት ፍሬ 10 ዛላ ብትሰጥ፥ እያንዳንዱም ዛላ 80 ፍሬ ቢይዝ፥ በመጀመሪያው መከር 800 ይሆናል። ያ ተመልሶ ቢዘራ በሁለተኛው 640,000፥ በሦስተኛው 512,000,000፥ በአራተኛው ከ400 ቢሊዮን በላይ። ፔንክሮፍ ከዚህ በኋላ ቀልዱን ትቶ ለዚያች ለአንዲት ፍሬ አጥር ያጥርላታል፤ የወፍ ማስፈራሪያም ያቆምላታል። የመጀመሪያው መከር ሲደርስም ሁሉን አይዘሩትም፤ ምናልባት ቢበላሽ ብለው ጥቂቱን ለዘር ይለያሉ። ይህን በተረክሁ ቀን ከልጆቹ አንዱ «እናቴ በክረምት ርቦን እያየች የዘሩን በቆሎ የማትነካው ለዚህ ነው» አለ። እኔ ስለ ዘር ቍጠባ ዐሥር ጊዜ ባስተምር ይህን መልስ አላገኘውም ነበር።

ኔሞስ? ኔሞ የለም። ከመጽሐፉ አብዛኛውን ክፍል ስሙ እንኳ አይነሣም። ነገር ግን በደሴቲቱ ላይ ማንም ሊያስረዳው የማይችል ነገር ይደረጋል። ባሕር የወሰደው መሐንዲስ ማን እንዳወጣው ሳይታወቅ ከውኃው ርቆ ይገኛል፤ የሚያስፈልጋቸው ዕቃ ሁሉ በሣጥን ተሞልቶ ዳር ላይ ይወድቃል፤ የሽፍቶች መርከብ ከሥሯ ፈንድታ ትሰጥማለች። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያላነበበ ሰው ከደሴቲቱ ሰዎች ጋር ግራ ይጋባል። ያነበበው ግን በልቡ «አውቄሃለሁ!» እያለ ይስቃል። ይህ ነው የሁለተኛ መጽሐፍ ትልቁ ደስታ፤ በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ያልደረሱበትን እናንተ ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ሰዎቹ ደሴታቸውን «ሊንከን» ብለው በሰየሙ ጊዜም፥ በናውቲለስ ግድግዳ ላይ የነበረውን ሥዕል የሚያስታውስ አንባቢ ልቡ ይመታል። (ስም ያወጡላት መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው፤ ሊንከን ሊገደል 16 ቀን ብቻ ቀርቶት እንደ ነበረ ደራሲው ያስታውሰናል፤ እነርሱ ግን አያውቁም።)

ለእኛ ወረዳ ልጆች ከሁሉ ይልቅ የቀረበው ግን የመድኃኒቱ ነገር ነው። ሐርበርት በሽፍቶች ጥይት ቈስሎ ገና ሳያገግም ኃይለኛ የወባ ትኵሳት ይይዘዋል። ሁለት ጊዜ ተነሥቶበት በሕይወት ቆየ፤ ሦስተኛው ከመጣ ግን አይተርፍም። ኪኒን ያስፈልጋል፤ በደሴቲቱ ላይ ግን ኪኒን የሚሰጠው ዛፍ የለም። ሌሊቱን ሁሉ አጠገቡ ሲያለቅሱ ያድራሉ፤ ሲነጋ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን ተቀምጣ ትገኛለች፤ በውስጧም የኪኒን ዱቄት። (እኛ ዛሬ የሚዋጠውን መድኃኒት ሁሉ «ኪኒን» የምንለው ስሙን ከዚሁ ከወባ መድኃኒት ወስደን ነው።) ወደ አባያ በሚወርደው ቆላ ያደገ ልጅ ወባ ምን እንደ ሆነች መጽሐፍ አያስተምረውም። ይህችን ምዕራፍ ስተርክ ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዱ ልጅ ሣጥኗ መገኘቷን ስነግር ዐይኑን በእጁ ጠረገ፤ ለምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም።

ቬርን በዚሁ መጽሐፍ ከሌላው ድርሰቱ አይርተን የተባለውን ወንጀለኛም አምጥቶ፥ በብቸኝነት እንደ አውሬ ሆኖ ከኖረ በኋላ በሰዎች ምሕረት ወደ ሰውነት ሲመለስ ያሳየናል። ይህ ራሱን የቻለ ጕዳይ ስለ ሆነ አልፈዋለሁ።

መጽሐፉን ስላመሰገንሁ ጕድለቱን ልሸፍን አልፈልግም። ናብን ደራሲው ይወደዋል፤ ታማኝነቱንና ድፍረቱን ደጋግሞ ይነግረናል፤ ነገር ግን እንደ ሌሎቹ ሙሉ ሰው አድርጎ አልሣለውም። ነፃ የወጣው ሰው እዚያም ወጥ ቤት ነው የሚውለው፤ ሥራውንም የሚጋራው ሰዎቹ ያለመዱት ትልቅ ጦጣ ነው። ባርነትን ለሚጠላ መጽሐፍ ይህ አሳፋሪ እንከን ነው። ልጆቹም ሳልነግራቸው አዩት፤ «ናብ ለምን አያሰላም?» ብለው ጠየቁኝ። ሌላው ስሕተት ያስቃል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ምርኮኞቹ ወደ ናውቲለስ የሚገቡት በ1867 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሁለተኛው ኔሞ በ1868 ሲናገር ያ ነገር ከሆነ 16 ዓመት አልፎታል ይላል። ይህን ያገኘችው ያቺው የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ በሰሌዳ ላይ ቀንሳ አሳየችን። እኔ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤ አላየሁትም ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ቬርን መጀመሪያ ኔሞን ሊያደርገው ያሰበው የፖላንድ መኰንን ነበር፤ በ1863 እ.ኤ.አ. ፖላንዶች በሩስያ ላይ በተነሡ ጊዜ ቤተ ሰቡ ያለቀበት ሰው። አሳታሚው ግን ሩስያን ማስቀየም ፈራ፤ መጽሐፎቹ እዚያም ይሸጡ ነበርና። ስለዚህ ደራሲው አገሩን ከመቀየር ዝም ማለትን መረጠ። እኔ በወጣትነቴ እንደዚያ ያመለክሁት የኔሞ ምስጢር ግማሹ ከነጋዴ ፍርሃት የተወለደ መሆኑን ሳውቅ ጥቂት አፈርሁ። በሁለተኛው መጽሐፍ ግን ቬርን ዝምታውን ሰበረ። ኔሞ ለካ የሕንድ ልዑል ዳካር ነበር። ከቡንደልካንድ ነገሥታት ዘር ተወልዶ፥ በአውሮፓ ትምህርት ተምሮ፥ በ1857 እ.ኤ.አ. ሕንዶች በእንግሊዝ ላይ ሲነሡ ከፊት ተሰልፎ፥ አገሩንም ቤተ ሰቡንም ያጣ ሰው ነው። ባሕር ሰርጓጁን መርከብ፥ በዓለም ላይ ማንም ያልሠራውን መኪና፥ የሠራው ከተገዙት ሕዝቦች ወገን የሆነ ሊቅ ነው። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ተያዩ። «ዴርቶጋዳ»ን ያነበቡ ወጣቶች በኢትዮጵያዊው የጠፈር ሊቅ የተሰማቸው ደስታ ይኸው ራሱ ነበር፤ የሕንዱ ግን ከዚያ በፊት መቶ ዓመት አልፎት ተጽፎአል።

እዚህ ላይ ግን ተማሪዬ ተቃወመችኝ። «የእኔ እንዲህ አይልም» አለች። ሁለቱን ቅጂዎች አጠገብ ለአጠገብ አድርገን አየናቸው። የእርስዋ በ1875 እ.ኤ.አ. በኪንግስተን ስም የታተመው የጥንቱ የእንግሊዝ ትርጕም ነው፤ በእርሱ ውስጥ ሳይረስ ስሚዝ እንኳ ስሙ ተለውጦ «ሃርዲንግ» ተብሏል። የስም ለውጥስ ግድ የለም፤ በልዑሉ ታሪክ ላይ ግን የተደረገው ሌላ ነው። ቬርን ልዑሉን የአመፁ ነፍስ አድርጎ ጽፎታል። ተርጓሚው በበኩሉ ሕዝቡ ሥልጣን በሚመኙ መሳፍንት ተታልሎ እንደ ተነሣና እንግሊዞች ከሁከትና ከመከራ እንዳወጡት አድርጎ አስገብቶበታል። ደራሲው ያልተናገረውን በደራሲው አፍ መናገር ማለት ይህ ነው። የእኔ ቅጂ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደ ገና ከፈረንሳይኛው የተተረጐመ ስለ ነበረ እውነቱ ተመልሶበታል። እኔ መጽሐፉን ደብቄአቸው ነበር፤ ያ ተርጓሚ ደግሞ ከመጽሐፉ ውስጥ ሰውየውን ደብቆአል። ሁለታችንም ለአንባቢው ያሰብንለት መስሎን ነበር ይሆናል።

ኔሞ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ሕይወቱን ተርኮ ሲጨርስ፥ ስለ እኔ ምን ታስባላችሁ ብሎ ይጠይቃቸዋል። መሐንዲሱም በአክብሮት፥ ነገር ግን በግልጥ ይፈርዳል፤ የካፒቴኑ ስሕተት ያለፈው ዘመን ሊመለስ ይችላል ብሎ ማመኑና የማይቀረውን የዓለም ግስጋሴ መታገሉ ነው ይለዋል። በዚህ አገር ያደገ ልጅ በ1887 ዓ.ም. በጦርነት ተሸንፎ ስለ ተማረከው ስለ ካዎ ጦና ከአያቱ ሳይሰማ አያድግም። ስለዚህ ፍርዱ በክፍላችን ውስጥ እንደ ድንጋይ ወደቀ። አንድ ዝምተኛ ልጅ ተነሥቶ «አገሩን የጠበቀ ሰው ያለፈውን ዘመን ነው የጠበቀ የሚባለው?» አለ። ሌላዋ ደግሞ «መርከቡን ከነመርከበኞቹ ሲያሰጥም ግን እነዚያ መርከበኞች ምን አደረጉት?» ብላ መለሰችለት። ክርክሩ እስኪመሽ ቆየ። እኔ በዚህ ነገር ከቬርን ጋር አልስማማም። ናውቲለስን የሠራ ሰው የግስጋሴ ጠላት ነው ሊባል አይችልም፤ የጠላው ግስጋሴውን ይዞ የመጣውን ጌታ ነው፤ መሐንዲሱ ሁለቱን አልለየም። የልጅቱ ጥያቄ ግን ለእኔም መልስ የለውም፤ ደራሲውም ቢሆን ከዚያ ያመለጠ አይመስለኝም። የመጀመሪያው መጽሐፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ክርክር ባልተነሣ ነበር፤ ስም የሌለውን ሰው እናደንቀዋለን እንጂ አንፈርድበትም፤ አንፈርድለትምም።

አንዳንድ ጊዜ ያ ጨለማው ኔሞ አሁንም ይናፍቀኛል። እርሱን አልክድም። በአዙሪቱ ውስጥ የጠፋው ሰው፥ በዋሻ ውስጥ በነጭ ጢም ተኝቶ ከሚሞተው ሽማግሌ ይልቅ ያስፈራ ነበር። ዳሩ ግን ሽማግሌው ብቻውን አልሞተም። ሐርበርትን ያዳነ፥ ለሰው ልጅ የነበረውን ጥላቻ በአምስት ታታሪ ሰዎች ምክንያት የተወ፥ እጁን ይዘውት የሞተ ሰው ነው። የመጀመሪያው ኔሞ እጁን የሚይዘው አልነበረውም።

ከተበላ ወጣ ብሎ ያለውን የሁምቦን ተራራ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኔ በጕልምስናዬ ራቁቱን አይቼዋለሁ፤ ከማገዶና ከከሰል የተረፈ ዛፍ አልነበረውም። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ገበሬዎቹ ከ2,700 ሄክታር በላይ ከልለው ሲጠብቁት ደኑ ተመለሰ። አብዛኛውም የተመለሰው አዲስ ችግኝ ተተክሎ አልነበረም፤ ተቈርጦ ከቀረው ጉቶ የሚወጣውን ቅርንጫፍ እየመለመሉ አንዱን ጠንካራውን በመተው ነው። ሥሩ ከመሬት በታች ሕያው ነበር። ባለሞያው ይህን ሲያስረዳን አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት «ታዲያ እኛ እስከ ዛሬ ሞተ ስንለው የነበረው ማንን ነው?» አሉ። ቬርን ኔሞን ያስነሣው እንደዚህ ያለውን ጉቶ አግኝቶ ይመስለኛል። ብዙ ተከታይ መጽሐፍ የሚጠወልገው ግን ሥር ሳይኖር ቅርንጫፍ መሬት ላይ እየተሰካ ነው፤ ያንን እስከ አሁንም እነቅፋለሁ።

የገባሁትን ቃል ቅዳሜ ፈጽሜአለሁ። በሁሉም ፊት «ዋሽቻችሁ ነበር» አልኋቸው። ጥቂቶቹ ሳቁ፤ ያቺ ልጅ አልሳቀችም፤ ብቻ ወንበርዋን ወደ ፊት አስጠጋች። መጽሐፌንም ለእርስዋ አዋስኋት። ከእርስዋ ወደ ወንድምዋ፥ ከወንድምዋም ሶዶ ለሚማር ጓደኛው ተሻግሯል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም።

ያን ሚራዥ ደኅና መሆኑን ማወቅ የፈለገውን ልጅ ግን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ወደ አዲስ አበባ ሄዷል ይላሉ። «ራማቶሓራ» አሁን በትራሴ አጠገብ ተቀምጦአል፤ ግማሹን አልፌአለሁ።